ስለ አሮጌው ቮልስ ዲስትሪቡተር
(በሬዲዮ ከተነገረ በኋላ ለአንባቢዎች እንዲደርስ የታተመ ንግግር)



ዛሬ የምናገርለት ነገር በመጠኑ ከአንድ የሻይ ብርጭቆ እምብዛም የማይበልጥ፥ በአሮጌ ቤንዚን መኪና ሞተር ላይ ተቀምጦ ቀን ከሌት የሚሽከረከር፥ ደኅና በሆነበት ጊዜ ማንም የማያስታውሰው፥ ሲታወክ ግን መኪናውን ከነባለቤቱ መንገድ ላይ የሚያስቀር መሣሪያ ነው። ስሙም ዲስትሪቡተር ይባላል፤ በአማርኛ ብንተረጉመው የብልጭታ አከፋፋይ ልንለው እንችላለን።

ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቻችን መካከል ብዙዎቹ የሚኖሩት አዲስ አበባ ውስጥ አይደለም። ጧት ከሰበታ፥ ከቡራዩ፥ ከሱሉልታ ተነሥተው ወደ ሥራቸው ይመጣሉ፤ ማታም በመጡበት ይመለሳሉ። እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚል ስም ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር በአንድ አስተዳደር ሥር ቢጠቃለሉም፥ መንገዶቻቸው ግን እንደ ጥንቱ ሦስት ልዩ ልዩ ጠባይ እንዳላቸው ናቸው። የሰበታው በዓለም ገና በኩል ወደ ጅማ የሚወስደው ደልደል ያለው መንገድ ነው። የቡራዩው ወደ አምቦ የሚሄደው፥ ከገፈርሳ ውኃ በሚነሣው ጉም ጧት ጧት የሚለብሰው ነው። የሱሉልታው ደግሞ ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ በባሕር ዛፍ መካከል የእንጦጦን ትከሻ ከወጣ በኋላ ወደ ጎጃም የሚዘልቀው ነው። ለአሮጌ መኪና ሦስቱም ፈተና ናቸው፤ የሚፈትኑት ግን ልዩ ልዩ ነገር ነው።

«በዚህ ዘመን ስለ አሮጌ መኪና ማውራት ምን ይጠቅማል?» የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ በደመወዙ ለሚኖር ሰው፥ ከአባቱ የወረሰው ቮልስ በር ላይ ቆሞ ከሆነ፥ እርሱን ጠግኖ መንዳት ቅንጦት መሆኑ ቀርቶ የቤት ቁጠባ ጉዳይ ሆኗል። የዚህ መኪና ሥራ በሜክሲኮ አገር በሐምሌ 1995 ዓ.ም. የመጨረሻዋ ቮልስ ከፋብሪካ በወጣች ጊዜ ተፈጽሟል፤ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ግን ዛሬም ቮልስ ሳያዩ አንድ ቀን መዋል አስቸጋሪ ነው።

የእኔው መኪና እ.ኤ.አ. የ1968 ሞዴል ቮልስ 1300 ነው። አባቴ በ1979 ዓ.ም. ከአንድ የሥራ ባልደረባው፥ ዋጋውን ከደመወዙ በየወሩ እየቆረጠ ሊከፍል ተዋውሎ ገዛው። እኔም እንደ ታናሽ ወንድም እያየሁት አደግሁ። አባቴ ካረፈ በኋላ በእጄ ሲገባ ግን ጠባዩ ተለውጦ አገኘሁት፤ ዳገት ሲይዝ ይዝላል፥ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል፥ ቤንዚንም ያለ ልክ ይፈጃል።

ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድሁት፤ የጋራዡን ስም መጥራት አያስፈልግም። እዚያ ያገኘሁት ወጣት ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት ካየ በኋላ፥ «ዲስትሪቡተሩ አርጅቷል፤ ይጣልና አዲስ ይግባ» አለኝ። አዲሱ የሚያብረቀርቅ፥ ቦሽ 009 በሚባለው የታወቀ ዲስትሪቡተር አምሳል ሌሎች የሠሩት ቅጂ ነበር። ተገጠመ፤ ሞተሩም በአንድ ቁልፍ ተነሣ። በማግሥቱ እስከ መሥሪያ ቤቴ ስነዳው የተወለደ ቀን መስሎኝ ነበር። ደስ ስላለኝ አሮጌውን ልጥለው ቃጥቶኝ፥ የአባቴ እጅ የነካው ነው ብዬ ብቻ በጋዜጣ ጠቅልዬ ከመቀመጫው ሥር አኖርሁት።

በሳምንቱ ቅዳሜ እናቴን ይዤ ለለቅሶ ወደ ሱሉልታ ሄድሁ። የእንጦጦን ዳገት አጋምሰን ሳለን ከፊታችን የነበረ የጭነት መኪና ቆመ፤ እኛም ቆምን። እርሱ ሲንቀሳቀስ እኔም አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን እየለቀቅሁ ነዳጅ ሰጠሁ። ሞተሩ ነዳጁን የተቀበለ መስሎ ትንፋሹን ዋጠና ጸጥ አለ። መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ፤ ከኋላችን ደግሞ ሰው የሞላበት አውቶቡስ ነበር። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጄ ይዤ ጐተትሁ፤ አቆመን። አውቶቡሱና እኛ የቀረን ርቀት አንድ ክንድ ቢሆን ነው። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፥ «ልጄ፥ አባትህ እዚህ ዳገት ላይ እንዲህ አድርጎን አያውቅም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ሱሉልታ ድረስ ቃል አልተናገረችም።

ወደ ነገሩ ፍሬ ልግባና፥ ዲስትሪቡተር ምን እንደሚሠራ በአጭሩ ላስረዳ። በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው የቤንዚንና የአየር ድብልቅ በራሱ አይነድም፤ በካንዴላው ጫፍ ላይ ብልጭታ ሊዘልለት ይገባል። የ12 ቮልት ባትሪ ይህን ብልጭታ ማዝለል አይችልም። ስለዚህ ቦቢና የሚባለው የሽቦ ጥቅል የባትሪውን ኃይል ከ15 ሺህ ቮልት በላይ ያደርሰዋል። ይህም የሚሆነው በጥቅሉ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ድንገት ሲቋረጥ ነው። የሚያቋርጠው በዲስትሪቡተሩ ሆድ ውስጥ ያለው ፑንቲና ነው፤ በዘንጉ ጉብታ እየተገፋ ይከፈታል፥ ይዘጋል። የተወለደውን ብልጭታ ደግሞ ከላይ የምትሽከረከረው ሮተር ለአራቱ ካንዴላዎች በየተራ ታድላለች፤ በቮልስ ተራው 1፥ 4፥ 3፥ 2 ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር፥ ይህች ትንሽ ዕቃ በአንድ ሴኮንድ 100 ብልጭታ ታከፋፍላለች። ይህን አሠራር አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1910 በካዲላክ መኪና ላይ ዋለ። ቤዴ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. አውቶሞቢል ይዞ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ከተማ የገባው ከዚህ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ መሆኑን ስናስብ፥ አገራችን ከአውቶሞቢል ጋር የተዋወቀችው ዘግይታ እንዳልሆነ እንረዳለን።

ይሁን እንጂ የዲስትሪቡተር ትልቁ ጥበብ ማከፋፈሉ አይደለም፤ ጊዜውን ማወቁ ነው። ድብልቁ ተቀጣጥሎ እስኪጨርስ ጥቂት ጊዜ ስለሚፈልግ፥ ብልጭታው ፒስቶኑ ጫፍ ሳይደርስ ቀደም ብሎ መዝለል አለበት። ሞተሩ ሲፈጥን ይበልጥ መቅደም አለበት። የሲሊንደሩ ድብልቅ ስስ በሆነ ጊዜም ቃጠሎው ዘገም ስለሚል እንዲሁ መቅደም ይኖርበታል። ይህን የማስቀደም ሥራ አንዳንዱ ዲስትሪቡተር በውስጡ ባሉ ትንንሽ ክብደቶች፥ አንዳንዱ ከካርቡራቶሩ በሚመጣ የአየር ስበት፥ ብዙዎቹ ደግሞ በሁለቱም ይሠሩታል።

እኔ ይህን ሁሉ የተማርሁት ሰበታ ውስጥ ከአንድ ሽማግሌ መካኒክ ነው። ከለቅሶው በኋላ በነበረው ሰኞ አንድ የሥራ ጓደኛዬ ወደ እርሳቸው ወሰደኝ። ቆርቆሮ በለበሰች ጠባብ ቤት ውስጥ ይሠራሉ፤ መነጽራቸው በገመድ ታስሯል። አዲሱን ዲስትሪቡተር ገና ሲያዩት፥ «አሮጌውን ጣልኸው?» ብለው ጠየቁኝ። ከመቀመጫው ሥር አውጥቼ ስሰጣቸው ፊታቸው በራ።

«ልጄ፥ ይኸ አዲሱ ክፉ ዕቃ አይደለም» አሉኝ፤ «ነገር ግን የሚሰማው የሞተሩን ፍጥነት ብቻ ነው። ክብደቶቹ የሚከፈቱት ሞተሩ ከፈጠነ በኋላ ነው። ዳገት ላይ ቆመህ ነዳጅ ስትሰጥ ሞተሩ ገና አልፈጠነም፤ ስለዚህ ብልጭታው ባለበት ይቆያል፥ ሞተሩም ይታፈናል። የአባትህ ዲስትሪቡተር ግን ክብደት የለውም፤ የሚሰማው የካርቡራቶሩን ትንፋሽ ነው። እግርህ ነዳጁን ገና ሲነካ አየሩ ይሮጣል፥ ስበቱ በቱቦው ይመጣል፥ ብልጭታውም ያን ጊዜውን ይቀድማል።»

ይህን ብለው በአሮጌው ዲስትሪቡተር ጎን ላይ ካለችው ክብ የቆርቆሮ ቆብ ጋር ቀጭን የጎማ ቱቦ አገናኙና፥ የቱቦውን ጫፍ ለእኔ ሰጡኝ። «ሳብ» አሉኝ። እንደ ጠጅ በብርሌ ሳብሁ። ፑንቲናው የተቀመጠበት ሳሕን ንቅንቅ አላለም፤ አየሩም ያለ ምንም ተቃውሞ ወደ አፌ ገባ። በቆቡ ውስጥ ያለው ስስ የጎማ ሽፋን ተቀዶ ኖሯል። ለካ መኪናው ዳገት ላይ የዛለው፥ የጋለውና ቤንዚን የፈጀው፥ ብልጭታው ስለ ዘገየበት ብቻ ነበር። ሙሉው ዲስትሪቡተር ሊጣል የተፈረደበትም ስለዚህች ቅድ ነው።

አሮጌ መኪና ያላችሁ አድማጮች፥ ይህን ፈተና ዛሬውኑ በቤታችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ፤ ገንዘብ አይጠይቅም። የዲስትሪቡተሩን ክዳን አንሡ፥ ቱቦውን ከካርቡራቶሩ በኩል ነቅላችሁ ሳቡ፥ የቱቦውንም አፍ በምላሳችሁ ድፈኑት። ሳሕኑ ሊንቀሳቀስ፥ ምላሳችሁ እስኪለቅም ባለበት ሊቆይ ይገባዋል። ክብደት ላለው ዓይነት ደግሞ ሮተሯን በእጅ ጠምዝዛችሁ ልቀቁ፤ እንደ መቀነት ተፈትታ የምትቀር ከሆነ ሞላዎቹ ደክመዋል ወይም ክብደቶቹ ተጣብቀዋል፤ ደኅነኛ ከሆነች ራሷ ትመለሳለች።

ሽማግሌው የሚቀጥለውን ያደረጉት ሳይቸኩሉ ነው። መጀመሪያ ዘንጉን በሁለት ጣት ይዘው ወደ ጎንና ወደ ጎን ነቀነቁት። ዘንጉ በነሐስ ቀለበቱ ውስጥ የሚወዛወዝ ከሆነ የፑንቲናው ክፍተት በእያንዳንዱ ዙር ይለዋወጣል፤ አንዱ ሲሊንደር ቀደም ብሎ፥ ሌላው ዘግይቶ ይተኩሳል። የእኔው ጥቂት ይወዛወዝ ስለ ነበር ቶርኖ ቤት ተልኮ አዲስ ቀለበት ተጠረበለት። ለተቀደደችው ቆብ ምትክ የተገኘው መርካቶ ሶማሌ ተራ ውስጥ፥ ከሌላ የሞተ ዲስትሪቡተር ላይ ነው። እርሷንም ከመግዛቴ በፊት በምራቄ አርሼ ስቤ ፈተንኋት፤ ሻጩ ሳቀብኝ።

ቀጥሎ ፑንቲናው። ፊቱ በእሳት ተበልቶ ጉብታና ጉድጓድ አውጥቶ ነበር። ይህን ያደረገው ጎኑ ላይ ያለው ኮንደንሰር መድከሙ ነው፤ ኮንደንሰር ፑንቲናው በሚከፈትበት ቅጽበት የሚዘለውን እሳት የሚውጥ ነውና። ሁለቱ አብረው ተለወጡ። የፑንቲናው ክፍተት በስስ ብረት መለኪያ 0.4 ሚሊሜትር ተደረገ። መለኪያ የሌለው ሰው በግምት እንዲያደርገው አልመክርም፤ ምክንያቱም ክፍተቱ ሲጠብ ብልጭታው ይዘገያል፥ ሲሰፋም ይቀድማል። በዘንጉ ላይ የምትፈተገው የፑንቲና ጥርስ ቀስ በቀስ ስለምትበላ፥ ሳይነካ የቆየ ሞተር ራሱን በራሱ ያዘገያል። ክፍተቱ ሳይስተካከል የብልጭታን ጊዜ ማስተካከልም ከንቱ ድካም ነው። ከዚህ በኋላ በሮተሯ ሥር ያለችው የሱፍ ቁራጭ ጥቂት ጠብታ ዘይት፥ የዘንጉ ጉብታ ደግሞ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቅባት አገኘ። ብዙ ዘይት ማፍሰስ ግን ጠላትነት ነው፤ ፑንቲናውን ያቆሽሻል።

የብልጭታውን ጊዜ ሽማግሌው ያስተካከሉት በአንዲት የ12 ቮልት አምፖል ነው። በዚያ ዘመን በተሠሩት የ1300 ሞተሮች ዘንድ ልኩ ፒስቶኑ ጫፍ ሊደርስ 7.5 ዲግሪ ሲቀረው ነው። ሞተሩን በፑሌጃው በእጅ እያዞሩ ምልክቷን በሞተሩ አካል መጋጠሚያ ትክክል አደረጓት፤ ሮተሯም ወደ አንደኛው ሲሊንደር ምልክት አመለከተች። የአምፖሉን አንድ ሽቦ ፑንቲናው ከሚገናኝበት የቦቢና ጫፍ፥ ሌላውን ከመኪናው ብረት ጋር አገናኙ። ቁልፉን ከፍተው ዲስትሪቡተሩን ቀስ እያሉ አዞሩት። አምፖሉ በራ ባለበት ቅጽበት ፑንቲናው ተከፈተ ማለት ነው፤ እዚያው አጠበቁት። ከአምስት ደቂቃ የበለጠ አልፈጀባቸውም።

አንድ ነገር ግን ጨመሩ። ይህ ልክ የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ አገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ሱሉልታ ደግሞ ከእርሷም ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት ሩብ ያህል ነው፤ ሲሊንደሩ የሚጠጣው አየር ስስ ስለሆነ ቃጠሎው ዘገም ይላል። ስለዚህ ሽማግሌው ከምልክቷ አንድ ዲግሪ ያህል አስቀደሙት። «ወደ አዋሽ ቆላ የምትወርድ ከሆነ ግን መልሰው» አሉኝ፤ «ዳገት ላይ እንደ ጠጠር በቆርቆሮ ሲንኮሻኮሽ ከሰማህ ብልጭታው አለቅጥ ቀድሟል፤ የቮልስ ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ይህን አይታገሥም።»

ሳልናገር ማለፍ የማልወደው ሌላ ነገር አለ። በእኔው ዓይነት ዲስትሪቡተር ላይ የሦስተኛው ሲሊንደር ብልጭታ ሆን ተብሎ ጥቂት ዲግሪ እንዲዘገይ ተደርጎ ተቀርጿል። ያ ሲሊንደር ከዘይት ማቀዝቀዣው ኋላ ስላለ ከሌሎቹ ይበልጥ ይግል ነበርና። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ በዘንጉ ጉብታ ላይ ተቀርጾ ሳለ፥ ዕቃውን «አርጅቷል» ብሎ መጣል ያሳዝነኛል።

የቡራዩን መንገድ የሚመላለሱ ወዳጆቼ ደግሞ ሌላ ችግር ይነግሩኛል። በክረምት ጧት፥ በተለይ ከገፈርሳ ወዲያ ባደረ መኪና ላይ፥ ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሣም። ባትሪው እስኪሞት ቁልፍ ከማዞር በፊት የዲስትሪቡተሩን ክዳን ማንሣት ይበጃል። ውስጡ እንደ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ላብ ካወጣ ብልጭታው ካንዴላ መድረሱን ትቶ በእርጥበቱ ላይ ይሸሻል። በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ብቻ ይበቃል። ጠርገውትም እንቢ ካለ፥ ክዳኑን ወደ ብርሃን አዙረው ይመልከቱ፤ በውስጡ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ጥቁር መስመር ካለ ብልጭታው ለራሱ መንገድ አበጅቷል፥ ክዳኑ መለወጥ አለበት። ያን መስመር በምላጭ ፍቀው መንገድ የሚጀምሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ገፈርሳን ሳያልፉ ይቆማሉ።

አሁን ደግሞ ወጣቶች ስለሚጠይቁት ስለ ኤሌክትሮኒኩ መሣሪያ። ፑንቲናውንና ኮንደንሰሩን አውጥቶ በቦታቸው የምትገባ፥ በመግነጢስ የምትሠራ ትንሽ ዕቃ አለች። የሚፋተግ ነገር ስለሌላት ክፍተቷ አይለዋወጥም፥ ብልጭታዋም ጽኑ ነው። እኔ አልቃወማትም፤ በየቀኑ ከሰበታ ለሚመላለስና መጨናነቅ ላይ ለሚውል ሰው መልካም ዕረፍት ትሰጣለች። ነገር ግን የተቀደደ ቆብ አትሰፋም፥ የተበላ ዘንግም አታቃናም፤ ከጥገናው በኋላ እንጂ በፊቱ የምትገባ አይደለችም። ለቀድሞዎቹ የ6 ቮልት ቮልሶች የሚሆነውና ለ12 ቮልት የሚሆነው የተለያየ ነው። ቀዩንና ጥቁሩን ሽቦ ያለዋወጠ ሰው ደግሞ ዕቃዋን በአንድ ቅጽበት ያቃጥላታል። ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉን ከፍቶ ሬዲዮ እየሰሙ መቆየትም ሊያቃጥላት ይችላል፤ ይህን ስል በራሴ ሥራ ላይ እየተናገርሁ መሆኔን አልዘነጋሁም። ፑንቲና ሲታመም እያነከሰ ቤት ያደርሳል፤ እርሷ ግን አንድ ቀን ሳታስጠነቅቅ ትሞታለች። የሚያስገባት ሰው አሮጌውን ፑንቲናና ኮንደንሰር፥ አንድ ካቻቢቴና የስስ ብረቱን መለኪያ በመሣቢያው ውስጥ ይዞ ይሂድ።

እኔ እስካሁን አላስገባሁም። የአባቴ ዲስትሪቡተር ወደ ቦታው ተመልሶ፥ የሚያብረቀርቀው አዲሱ በዚያው ጋዜጣ ተጠቅልሎ ከመቀመጫው ሥር ተቀምጧል። በአርባው ቀን እናቴን ይዤ እንደገና ወደ ሱሉልታ ወጣሁ። ያው ዳገት ላይ፥ መኪና ሳያስቆመኝ፥ ሆን ብዬ ዳር ይዤ ቆምሁ። እናቴ የበሩን መያዣ ጨበጠች። አንደኛ ማርሽ አስገባሁ፥ ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ፥ ነዳጅ ሰጠሁ። መኪናው ያለ አንዳች ማመንታት ተነሣ። እናቴ እጇን ከመያዣው ላይ አንሥታ፥ በጉልበቷ ላይ የነበረውን የዳቦ ቅርጫት አስተካከለች።

በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ ካርቡራቶር እንነጋገራለን።